ተራራው የወሰደውን ጉልበት ማስመለስ፦ ስኖሞቢል ላይ ቱርቦ ማስገጠም ያዋጣል?

ኩክ ሲቲ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ በየሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሰሜን ምሥራቅ በር አጠገብ ያለች ትንሽ መንደር ናት። የበረዶው ወራት ሲገባ በስተምሥራቅ ያለው አውራ ጎዳና ይዘጋል። መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ከጋርዲነር ተነሥቶ፣ ጎሽና ተኩላ የሚውሉበትን የላማር ሸለቆ አቋርጦ፣ በፓርኩ ውስጥ በሚያልፈው ብቸኛ መንገድ ይገባል። ጠዋት ጠዋት በመንደሯ ዋና መንገድ ላይ የሚታየውም የሚሰማውም ስኖሞቢል ነው። ነዳጅ ማደያው ጋ ወረፋ የሚይዘው እሱ፣ ቁርስ ቤት በር ላይ ተደርድሮ የሚቆመውም እሱ። አየሩ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይሸታል። ሰዎች የራስ ቁራቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ቆመው ያወራሉ፤ ወሬው ሌሊት ስንት ሴንቲ ሜትር በረዶ እንደ ጣለና ትናንት የማን ማሽን እስከ የት እንደ ወጣ ነው።

የማሽኑ ወሬ ዞሮ ዞሮ ቱርቦ ላይ ያርፋል። ፋብሪካው ባለቱርቦ አድርጎ የሠራውን መግዛት ይሻላል? ያለውን ማሽን ጋራዥ አስገብቶ ማስገጠምስ? ወይስ ጨርሶ አለመንካት? ብዙ ገንዘብ፣ አንዳንዴም ሕይወት የሚያስከፍል ውሳኔ ስለሆነ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል።

መንደሯ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ እምብዛም አትለይም። ከመንደሯ በስተሰሜን ያሉት ዴዚ ፓስና ሉሉ ፓስ የሚባሉት መሻገሪያዎች ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋሉ። ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ቱርቦ በሌለው መኪና ያሻቀበ ሹፌር እዚያ ላይ ምን እንደሚያጋጥም ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም። ጋዙን እስከ ታች ረግጦትም ሞተሩ አይስብም።

ምክንያቱ አየሩ ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 1013 ሚሊባር ገደማ ሲሆን 3,000 ሜትር ላይ ወደ 700 ይወርዳል። ሞተሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር ስፋቱ ያው ነው፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን በሦስት አሥረኛ ያህል ቀንሷል። ኦክስጅን ካነሰ የሚቃጠለው ቤንዚን ያንሳል፣ ቤንዚን ካነሰ ጉልበት ያንሳል። መካኒኮች በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ይቀንሳል ብለው በግርድፉ ያሰሉታል። በዚህ ስሌት ታች 165 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ዴዚ ፓስ ላይ የሚቀረው ወደ 115 ነው። ብርዱ ጥቂቱን ይክሳል፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የደረሰ አየር ከዜሮ በላይ 20 ዲግሪ ካለው በ15 በመቶ ያህል ይወፍራል። ግን ከፍታው የወሰደውን ሁሉ አይመልስም።

መኪና ሲደክመው ማርሽ ቀንሶ እየተንፏቀቀም ቢሆን ዳገቱን ይጨርሳል። ስኖሞቢል ይህ ዕድል የለውም። ባልተረገጠ፣ ወገብ በሚደርስ ዱቄት በረዶ ላይ ማሽኑን ከላይ የሚያቆየው ከሥሩ ያለው የጎማ ሰንሰለት ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ ሲወርድ ሰንሰለቱ መግፋቱን ትቶ መቆፈር ይጀምራል፤ ጥቂት ሰከንድ ሳይቆይ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ማሽን አፍንጫውን ወደ ላይ ሰቅሎ ይቀበራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አካፋ ነው። በቀጭን አየር ውስጥ፣ በከባድ ልብስ፣ ገደል ላይ ቆሞ ማሽን ቆፍሮ ማውጣት ምን ያህል ሰውን እንደሚጨርስ አንድ ጊዜ የሞከረ ሰው ለምን ተጨማሪ ጉልበት እንደሚመኝ ይገባዋል። ይህን ምኞት የጎረምሳ ቅብጠት አድርገው የሚያጣጥሉ ሰዎች ተራራውን አያውቁትም።

በእርግጥ ስኖሞቢል ሲወለድ የጉልበት ጉዳይ አልነበረም። የካናዳው ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲዬ እ.ኤ.አ. በ1934 በኪውቤክ ክረምት የሁለት ዓመት ልጁ ኢቮን በአንጀት ሕመም ሲያጣጥር፣ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ሐኪም ቤት ሊያደርሰው ስላልቻለ ሞተበት። የጎማ ሰንሰለቱን የፈጠራ መብት ያገኘው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ1959 ስኪዱ ብሎ ለገበያ ያቀረበው ትንሹ ማሽን ሰባት የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ዛሬ በተራራ ላይ የሚነዳው፣ 850 ሲሲ ሁለት ፒስተን ያለው ሞተር ያለ ምንም ጭማሪ 165 ያወጣል።

ቱርቦ በበኩሉ ገና ከጥንቱ የተራራ ዘመድ ነው። ሐሳቡን በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ነው። በ1918 የጀነራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ፣ 4,300 ሜትር ላይ አውጥቶ ቱርቦ ገጥሞ ፈተነው። አውሮፕላን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚያጣውን ጉልበት ማስመለስ ነበር ዓላማው። የዛሬው የስኖሞቢል ነጂ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ክርክሩን ስናይ «ጉልበት መጨመር» ከሚለው ይልቅ «የጠፋውን ማስመለስ» ከሚለው ብንነሣ ነገሩ ይጠራል። ማስመለስና መጨመር አንድ ማሽን ላይ በአንድ ዕቃ የሚሠሩ፣ ውጤታቸው ግን የሚለያይ ሁለት ሥራዎች ናቸው።

አሠራሩ በአጭሩ ይኸው ነው፦ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዱን ፋን ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለው ፋን አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። በናፍጣ መኪና ላይ ይህ ከተለመደ ቆይቷል። ስኖሞቢል ላይ ያስቸገረው ግን የተራራው ማሽን በአብዛኛው ባለ ሁለት ምት ሞተር መሆኑ ነው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ቀላልና ብርቱ ነው፤ ቫልቭ የለውም፣ የዘይት ገንዳ የለውም። አንድ ነገር ግን ያስቸግራል፤ አዲሱ አየር የሚገባበትና የተቃጠለው የሚወጣበት ቀዳዳ ለአፍታ አብረው ክፍት ይሆናሉ። ስለዚህ ገና ያልተቃጠለው ቤንዚንና አየር በማርሚታው በኩል ሊያመልጥ ይሞክራል። ይህን የሚከለክለው ሆዱ ያበጠው የጭስ ማውጫ ቱቦ ነው። ቅርጹ በልክ ስለተሠራ የጭሱ ግፊት ማዕበል ተመልሶ መጥቶ፣ ሊያመልጥ ያለውን አየር ቀዳዳው ከመዘጋቱ በፊት ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ቱርቦ መሀል ሲገባ ይህን ሚዛን ይነካል። በዚህም ምክንያት ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ቱርቦው የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ቱቦ በኋላ ነው፤ ከፊት የሚገፋው ግፊትና ከኋላ የሚታፈነው ጭስም ተመጣጥነው መሄድ አለባቸው። ዘንጉ የሚለሰልስበት ዘይትም ሌላ ጣጣ ነው፤ ሞተሩ የዘይት ገንዳ ስለሌለው ለቱርቦው ለብቻው መላ መፈለግ ግድ ይላል።

ፋብሪካዎቹ የዘገዩትም ለዚህ ነው። አርክቲክ ካት በ2008 ዚ ዋን ቱርቦ የተባለውን ሲያወጣ ሞተሩ ባለ አራት ምት ነበር። በ2017 የወጡት 998 ሲሲ የያማሃ ሞተር ያለባቸው ማሽኖችም እንዲሁ ባለ አራት ምት ናቸው፤ ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ አላቸው፣ በጠጣር መንገድ ላይ ፈጣን ናቸው፣ ለጥልቅ በረዶ ግን ክብደታቸው ብዙ ነው። በዚህ መሀል የተራራውን ገበያ የያዙት እንደ ቡንዶከርና ሲልበር ያሉ፣ የቱርቦ ዕቃ በሙሉ አዘጋጅተው የሚሸጡ ትንንሽ ድርጅቶች ነበሩ። ከፋብሪካ የወጣ የመጀመሪያው ባለ ሁለት ምት ቱርቦ ስኖሞቢል ገበያ ላይ የዋለው በ2020 ሲሆን የስኪዱ ሰሚት 850 ነው።

የስኪዱ መሐንዲሶች ያደረጉት ነገር አስተማሪ ነው። ታች 165 የፈረስ ጉልበት የነበረውን ሞተር ከፍ አላደረጉትም፤ እስከ 2,400 ሜትር ድረስ ያንኑ 165 እንዲይዝ ብቻ አደረጉት። ማስመለስ ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ቱርቦ አር የሚባለው 180 ደረሰ። ፖላሪስ ለ2022 ያወጣው ፓትሪዮት ቡስት ደግሞ፣ እንደ ኩባንያው አገላለጽ፣ በባሕር ወለል ላይ ከቱርቦ አልባው አሥር በመቶ፣ 3,000 ሜትር ላይ ግን ሃምሳ በመቶ ይበልጣል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ቱርቦ የት እንደሚያስፈልግና የት ትርፍ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል።

እንግዲህ የራሱን ማሽን ጋራዥ ሊያስገባ ወደሚያስበው ሰው እንምጣ። የዕቃው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከ4,000 እስከ 8,000 ዶላር ይሆናል፤ የእጅ ዋጋና ተከታዩ ወጪ ሳይቆጠር። አዲስ የፋብሪካ ቱርቦ ወደ 20,000 ዶላር ስለሚያወጣ ነገሩ ርካሽ ይመስላል። የሒሳቡ ስሕተት የሚጀምረው ቱርቦውን እንደ አንድ ዕቃ ከማየት ነው። ቱርቦ ሲገባ የነዳጅ አሰጣጡ ይቀየራል፣ የማቀጣጠያው ሰዓት ይቀየራል፣ ጉልበት ወደ ሰንሰለቱ የሚያደርሰው ክፍል ሁሉ ይነካል።

ከሁሉ በፊት ቤንዚኑን እንይ። በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች ማደያው ላይ 85 ኦክቴን ተብሎ የሚሸጥ ቤንዚን አለ፤ ቆላ ባሉት ግዛቶች ዝቅተኛው 87 ነው። ከፍታው ላይ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀው አየር ቀጭን ስለሆነ ቤንዚኑ ያለጊዜው የመፈንዳት ዕድሉ ያንሳል፤ ስለዚህ ደካማው ቤንዚን ይበቃል። ቱርቦ ግን ለሞተሩ ከፍታውን ያጠፋለታል። ሞተሩ ዴዚ ፓስ ላይ ሆኖ በባሕር ዳርቻ እንዳለ ይተነፍሳል፤ ከዚያም በላይ ከተገፋ ከባሕር ዳርቻው ይበልጥ ይታጨቃል። አየር ደግሞ ሲጨመቅ ይሞቃል፤ ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ የነበረው አየር ቱርቦው ውስጥ አልፎ ሲወጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። የሞቀና የታመቀ አየር ከደካማ ቤንዚን ጋር ሲገናኝ ካንዴላው ብልጭ ከማለቱ በፊት ወይም ከተገቢው በላይ በኃይል ይፈነዳል። ብዙዎች 91 ኦክቴን ላይ የእሽቅድድም ወይም የአውሮፕላን ቤንዚን እየቀላቀሉ የሚነዱት ለዚህ ነው። ይህ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ቅልቅሉን የረሳ ቀን ወይም ከጓደኛ ጀሪካን የተቀዳ ቀን ሞተሩ ያንን ቀን ላያልፈው ይችላል።

እንዲህ ዓይነት ሞተር ሲፈታ የሚታየው ነገር ከየትኛውም ምክር በላይ ይናገራል። መጀመሪያ ካንዴላው ይወጣል፤ ነጩ ሸክላ ላይ ደቃቃ፣ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ተረጭተዋል። ነጠብጣቦቹ የፒስተኑ አሉሚኒየም ናቸው። ቴስታታው ሲነሣ የፒስተኑ አናት በጭስ መውጫው በኩል ተበልቷል፤ ጠርዙ ጉንዳን እንደ በላው እንጨት ተቦርቡሯል፣ አንዳንዴም መሀሉ ተበስቷል። ፋሻው ከቦታው ተጣብቆ አይላቀቅም፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተጭሯል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የሚፈነዳው ጋዝ ሙቀት ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፒስተኑን በደህናው ቀን የሚያድነው በላዩ የሚያርፍ ስስ የጋዝ ሽፋን ነው፤ ያለጊዜው የመጣ ፍንዳታ ሽፋኑን ይገፈዋል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል።

ስለዚህ የአየርና የቤንዚን ምጣኔ የሚያሳይ ጌጅ መሪው ላይ ሳያስገጥሙ ቱርቦ መንዳት ድፍረት ሳይሆን ብክነት ነው። ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደሚጨምቅ ሳይለካ ብዙ የሠራ ሞተር ላይ ቱርቦ መግጠምም እንዲሁ። የደከመ ኩሽኔታና ያለቀ ፋሻ ያለው ሞተር በራሱ ጉልበት ሁለት ዓመት ሊኖር ይችል ይሆናል፤ በቱርቦ አንድ ወር ቢቆይ ዕድለኛ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ቺንጋው ነው። ስኖሞቢል እንደ መኪና ማርሽ የለውም፤ ከሞተሩ ጋር ያለው ፑሊና ከሰንሰለቱ ጋር ያለው ፑሊ እየጠበቡና እየሰፉ በመሀላቸው ያለችውን ሰፊ ቺንጋ ያንሸራትታሉ። ፊተኛው ፑሊ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክብደቶችና ሞላዎች ሞተሩ ብዙ ጉልበት በሚሰጥበት ዙር ላይ፣ በደቂቃ 8,000 አካባቢ፣ እንዲቆይ የተመረጡ ናቸው። ጉልበቱ ሲጨምር ያው ክብደት አይበቃም፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ይጮኻል፣ ማሽኑ አይሄድም፣ ቺንጋዋ ትግላለች፣ ትበጠሳለች። በደንብ የማያውቅ ሰው ጥፋቱን ለቱርቦው ይሰጣል። እዚህ ላይ ግን ለቱርቦ የሚመሰከርለት ትልቅ በጎ ነገር አለ፦ ቱርቦ አልባው ነጂ ከ1,500 ሜትር ወደ 3,000 ሜትር ሲወጣ ጉልበቱ ስለሚለዋወጥ ክብደቶቹን መቀየር አለበት። በቱርቦ ጉልበቱ በየከፍታው ስለሚቀራረብ አንድ ጊዜ በትክክል የተስተካከለ ፑሊ ሁሉም ጋ ይሠራል። ይህን ጥቅም ሻጮች እምብዛም አያወሩለትም፤ እኔ ግን ከፈረስ ጉልበቱ ቁጥር አስበልጠዋለሁ።

ሙቀቱም አለ። የተራራ ስኖሞቢል በአብዛኛው ፊት ለፊት ራዲያተር የለውም፤ የሞተሩ ውኃ ከመቀመጫው ሥር ባለው የአሉሚኒየም ዋሻ ጣሪያ ውስጥ ይዞራል፣ ሰንሰለቱ የሚረጨው በረዶ ጣሪያውን እየመታ ያቀዘቅዘዋል። ጥልቅ በረዶ ውስጥ ይህ ግሩም ነው። ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ተረግጦ እንደ አስፋልት የጠነከረ ቀን ግን የሚረጭ በረዶ የለም፤ ቱርቦ የሚጨምረው ሙቀት መውጫ ያጣል። ነጂው በየጥቂቱ ከመንገድ ወጣ እያለ ለስላሳ በረዶ ካላስረገጠ የሙቀት መብራቱ ይበራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስሜቱ ይመጣል፤ ስሜት ስል እጅ ላይ ያለውን ማለቴ ነው። ከተራራው ጎን ጎኑን አቋርጦ መሄድን አስቡት። ነጂው ሁለቱንም እግሩን ወደ ዳገቱ በኩል ባለው መርገጫ ላይ አድርጎ ቆሟል፣ ማሽኑን በአንድ ጎኑ አቁሞታል፣ መሪውን ወደ ቁልቁለቱ አዙሯል። ያ ሁሉ ሚዛን የተንጠለጠለው ቀኝ አውራ ጣቱ ጋዙን በሚጫንበት ልክ ላይ ነው። ትንሽ ሲያንስ ማሽኑ ይወድቃል፣ ትንሽ ሲበዛ ወደ ላይ ይመዘዛል። በደንብ ያልተስተካከለ ቱርቦ ጋዙ ሲጫን ለአፍታ ያመነታል፣ ከዚያ ያልተጠበቀ ጉልበት በአንድ ጊዜ ይለቃል። ከዛፎች መካከል ያ አፍታ ግንድ ላይ ያጋጫል። የፋብሪካዎቹ ቱርቦ ይህን መዘግየት በብዙ ሥራ ቀንሶታል፤ ከጋራዥ የሚወጣው እንደ ሠሪው ነው። ቱርቦ አልባ ማሽን ላይ የሙጥኝ ያሉ ምርጥ ነጂዎች በተለይ ለዛፍ መሀል የሚሉት አላቸው፤ ጣት ሲታዘዝ ማሽኑም ወዲያው ይታዘዛል። ክብደቱ የቀነሰ፣ ጥርሱ ረዥም የሆነ ሰንሰለት የገባበትና ፑሊው በደንብ የተስተካከለ ማሽን ከቱርቦው በጥቂቱ ዋጋ ብዙውን ዳገት ይወጣል። ለብዙ ሰው የመጀመሪያው ወጪ ይህ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

ዋስትናና ሕጉም ችላ የሚባሉ አይደሉም። ቱርቦ ያስገጠመ ሰው ሞተሩ ሲበላሽበት፣ ፋብሪካው «አይመለከተኝም» ብሎ መከራከሩ የማይቀር ነው። በ1975 የወጣው የአሜሪካ የዋስትና ሕግ ጉዳቱ የመጣው በተጨመረው ዕቃ መሆኑን አምራቹ እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ የቀለጠ ፒስተን ላይ ግን ያን ማሳየት ብዙ አያስቸግርም። የአገሪቱ የአየር ንጽሕና ሕግ ደግሞ የፋብሪካውን የጭስ መቆጣጠሪያ መነካካትን ይከለክላል፤ ክልከላው ከመንገድ ውጪ የሚነዱ ሞተሮችንም ይጨምራል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ብረት ነው፤ ብረት ይተካል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ማሽኑ ሰውየውን የሚያደርስበት ቦታ ነው።

የበረዶ ናዳ የሚነሣው በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው። ለስኖሞቢል ነጂ የሚያጓጓው ዳገትም ይኸው ነው። ማን ከፍ ብሎ ምልክቱን ጥሎ ይመለሳል የሚለው ፉክክር የቆየ ነው፤ ነጂው በቀጥታ ወደ ላይ ይተኮሳል፣ ጉልበቱ ሊያልቅ ሲል ዞሮ ይወርዳል። ድሮ ጉልበት ራሱ አጥር ነበር። ሞተሩ ከተዳፋቱ ወገብ በላይ አያስኬድም ነበርና፣ ንፋስ በረዶ ከምሮ ያስቀመጠበት፣ ናዳው የሚሰነጠቅበት የላይኛው ክፍል ላይ የሚደርሰው ጥቂት ሰው ነበር። ቱርቦ ያን አጥር አነሣው። መካከለኛ ችሎታ ያለው ነጂም አሁን እዚያ ይደርሳል። ሕይወት ካጠፉት ናዳዎች ከአሥሩ ዘጠኙን ያስነሡት ራሳቸው ሟቾቹ ወይም አብረዋቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ናዳውም ከተነሣ በኋላ 180 የፈረስ ጉልበት አምልጦ ለመውጣት ሁልጊዜ አይበቃም።

እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2010 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ሬቨልስቶክ አጠገብ ባለው ቦልደር ተራራ ላይ ነጂዎች ዳገት እየወጡ ሲወዳደሩ ወደ 200 ሰው ከሥር ቆሞ ያይ ነበር። ተዳፋቱ ወረደ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ ሠላሳ ያህል ቆሰሉ። የቆሰሉትን እየቆፈሩ ያወጡት እዚያው የነበሩ፣ መሣሪያው ያላቸው ነጂዎች ናቸው። ሄሊኮፕተር መጠበቅ የማይታሰብ ነው፤ በናዳ የተቀበረ ሰው በአሥር፣ ቢበዛ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በፍጥነት ያሽቆለቁላል።

ስለዚህ 6,000 ዶላር ይዞ ወደ ጋራዥ ለሚሄድ ሰው የምለው አለኝ። ከገንዘቡ ጥቂቱን ቀንሰህ በመጀመሪያ የናዳ መለያ ሬዲዮ፣ መውጊያ ዘንግና አካፋ ግዛ፤ አብረውህ የሚሄዱትም ሁሉ እንዳላቸው አረጋግጥ፤ የሁለት ቀን ኮርስ ግባ። ቦዝማን ያለው የጋላቲን የናዳ ማዕከል በየጠዋቱ ለኩክ ሲቲ አካባቢ የሚያወጣውን ትንበያ ሳታነብ አትነሣ። ይህ ሁሉ ከቱርቦው ዋጋ ሩብ እንኳ አይሞላም።

ውሳኔውን ደግሞ አድራሻህ ይቆርጥልሃል። ሚኒያፖሊስ ያለ አንባቢ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ወደ ሰሜን ሚኒሶታ፣ ፖላሪስ በ1954 ወደ ተመሠረተባት ሮዞ ወይም አርክቲክ ካት ወዳደገባት ቲፍ ሪቨር ፎልስ ቢሄድ፣ የሚነዳው ከ400 ሜትር ባልበለጠ ከፍታ፣ በተስተካከለ መንገድ ላይ ነው። በግዛቱ የሕዝብ መሬት ላይ የስኖሞቢል ፍጥነት ጣሪያ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ የሚመለስ ጉልበት ስላልጠፋ ቱርቦ ማስገጠም ገንዘብ ማቃጠል ይሆናል። ዴንቨር ወይም አውሮራ ያለ ወገናችን ግን ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቶ 2,870 ሜትር ላይ ወዳለው ራቢት ኢርስ ፓስ ሲወጣ የሞተሩን ሩብ ያህል ቤቱ ትቶ እንደሄደ ይቁጠረው። ለእሱ ቱርቦ እውነተኛ መፍትሔ ነው። አቅሙ ካለው የፋብሪካውን ይግዛ፤ ሞተሩ፣ ፑሊው፣ ማቀዝቀዣውና ኮምፒዩተሩ አብረው ታስበው የተሠሩ ናቸው፣ ከማደያ በሚቀዳ ቤንዚን ይሠራል፣ ዋስትናው አብሮት ይመጣል። ማስገጠም ካለበት ሞተሩ ገና ብዙ ያልሠራ ይሁን፤ ግፊቱን ከፍታው የወሰደውን በሚመልስበት ልክ ይወስነው፣ ሠሪውም ያንኑ ዓይነት ሞተር ደጋግሞ የሠራ ይሁን።

አንድ ነገር ሳይነሣ እንዳይቀር። ቱርቦ ከተገዛ በኋላ ችግሩ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከቡድኑ ነው። አራት ሰው ሲሄድ አንዱ ብቻ ቱርቦ ካለው፣ ያ ሰው የሚወጣውን ዳገት ሦስቱ ሊከተሉት ይሞክራሉ፤ ማሽናቸው እኩሌታው ላይ ይቀበራል። ከዚያ ቱርቦ ያለው ሰው ሊረዳ ወደ ተቀበረው ይመለሳል፤ ሁለት ሰው፣ ሁለት ማሽን በአንድ ተዳፋት ላይ ቆሙ ማለት ነው። የናዳ አስተማሪዎች አጥብቀው የሚከለክሉት ይህን ነው። የተቀበረው ራሱ ቆፍሮ ይውጣ ወይም ማሽኑን አዙሮ ይውረድ፤ ሌሎቹ ናዳ በማይደርስበት ቦታ ቆመው ዓይናቸውን ከእሱ ሳይነቅሉ ይጠብቁ። ማን ቀድሞ እንደሚወጣ፣ የትኛው ዳገት ለየትኛው ማሽን እንደሆነና የት ቆሞ እንደሚጠበቅ ማሽኖቹ ከተሳቢው ሳይወርዱ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ሬዲዮዎቹም እዚያው ይከፈቱ፣ አንዱ የሌላው መለያ መሥራቱን ይፈትሽ።